ከቤት መሥራት ለኪስ ያዋጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ከቤት መሥራት ገንዘብ ያተርፋል ወይስ ያስወጣል? ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ያስቀመጥነው እርስዎም የራስዎን ቁጥር እያስገቡ እንዲሠሩት ነው። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)፦ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። መሠረታዊ ደመወዜ 18,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሌ 2,000 ብር ነው። ድርጅቱ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እንድንሠራ ፈቅዶ፣ የትራንስፖርት አበሉን ሙሉ በሙሉ አንስቶ በምትኩ ደመወዛችን ላይ 1,500 ብር ሊጨምር ነው። ለታክሲ ደርሶ መልስ በቀን 140 ብር፣ ለምሳ 220 ብር አወጣለሁ። መንገዱ በቀን ሦስት ሰዓት ይበላል። ቤቴ ኢንተርኔት የለም። ልፈርም ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ከቤት መሥራቱን ይቀበሉ፤ ደብዳቤውን ግን አሁን ባለበት መልክ አይፈርሙት። በአበሉ ፋንታ የመጣው ጭማሪ እጅዎ ላይ ሲደርስ 1,500 ብር አይሆንም።

የትራንስፖርት አበል በመመሪያ በተወሰነው ጣሪያ ውስጥ እስካለ ድረስ ግብር አይቆረጥበትም፣ የጡረታ መዋጮም አይታሰብበትም። ደመወዝ ላይ ሲዛወር ግን ሁለቱም ይነኩታል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይከፍላል። ስሌቱ አጭር ነው፤ ደመወዙን በ0.35 አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ።

ዛሬ፦ 18,000 በ0.35 ሲባዛ 6,300፣ ከዚያ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 4,250 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,260 ብር። የተጣራው 12,490 ይሆናል፤ ከአበሉ ጋር እጅዎ የሚገባው 14,490 ብር ነው።

በአዲሱ ደብዳቤ፦ ደመወዝ 19,500፣ ግብር 4,775፣ ጡረታ 1,365፣ የተጣራ 13,360 ብር። ልዩነቱ 1,130 ብር ጉድለት ነው። ከ1,500 ብሩ ጭማሪ እርስዎ ጋ የደረሰው 870 ብር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። እርግጥ የደመወዝ ጭማሪ ሌላ ጥቅም አለው። አሠሪው ለጡረታዎ የሚከፍለው 11 በመቶም አብሮ ያድጋል፤ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያም የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው። ይህን ወደፊት ያገኙታል፤ የወሩን የታክሲ ሒሳብ ግን አይሸፍንም።

አሁን ወደሚቆጥቡት እንሂድ። በሳምንት ሦስት ቀን ማለት በወር 13 ቀን ግድም ነው። ታክሲ 13 በ140፣ 1,820 ብር። ምሳ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 220 ብሩን በሙሉ እንዳተረፈ ሲቆጥር ነው፤ ቤትም ይበላል። የቤት ምሳ 90 ብር ይፈጃል ብንል ቁጠባው በቀን 130፣ በወር 1,690 ብር ነው። ድምሩ 3,510 ብር።

ወጪው ደግሞ እንዲህ ነው። የመብራት ወጪ ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው፤ ላፕቶፕና አምፖል አንድ ላይ 80 ዋት ቢወስዱ በ13 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ 8.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ቆጣሪውን የሚያሯሩጠው ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የክረምት ማሞቂያ ነው። ቀን ቤት ስለዋሉ ማሞቂያ የሚለኩሱ ከሆነ 2,000 ዋቱ በአራት ሰዓት ውስጥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ላፕቶፑ በወር የሚወስደውን በአንድ ቀን ማለት ነው። ለመብራት፣ ለሻይና ለቡና 200 ብር፣ ለቤት ኢንተርኔት 1,000 ብር እንያዝ (ኢንተርኔቱን በመረጡት ፓኬጅ ዋጋ ይተኩት)። 3,510 ላይ 1,130፣ 1,000 እና 200 ሲቀነስ በወር 1,180 ብር ይተርፋል። በዚያ ላይ 39 ሰዓት የመንገድ ጊዜ ይመለስልዎታል፤ ይህ አምስት የሥራ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው።

ይህ ትርፍ ግን ስስ ነው። ምሳ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ቢሆኑ ኖሮ የምሳው 1,690 ብር ስለማይኖር ሒሳቡ ወደ 510 ብር ኪሳራ ይገለበጥ ነበር። በድርጅቱ ሰርቪስ የሚመላለስ የሥራ ባልደረባዎም የሚቆጥበው የታክሲ ወጪ የለውም። ስለዚህ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ሰው ተስማማ ብለው አይስማሙ፤ የእሱ ሒሳብ ሌላ ነው።

ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይዘው የሚሄዱት ሐሳብ ይህ ይሁን። ደመወዙ ባለበት ይቆይ። አበሉ ቢሮ በሚገቡባቸው ቀናት ልክ ይከፈል፤ በወር 22 የሥራ ቀን ውስጥ 9 ቀን ቢሮ ከገቡ 2,000 ብሩ ወደ 820 ብር ይወርዳል። ኢንተርኔቱን ደግሞ ድርጅቱ በራሱ ስም ውል ገብቶ፣ በራሱ ደረሰኝ እንደ ሥራ መሣሪያ ወጪ ይክፈለው። እንዲህ ከሆነ እጅዎ የሚገባው 13,310 ብር ነው፤ ከዛሬው በ1,180 ብር ያንሳል፣ ቁጠባው 3,510፣ የመብራትና የሻይ ወጪው 200 ነው። ትርፍዎ 2,130 ብር ይሆናል። ድርጅቱስ? በራሱ ሐሳብ 1,500 ብርና 11 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 1,665 ብር ያወጣል። በእርስዎ ሐሳብ 1,820 ብር። በ155 ብር ልዩነት እርስዎ 950 ብር ያገኛሉ፤ አሠሪውም ቢሆን ዛሬ ከሚከፍለው 2,000 ብር በታች ነው የሚያወጣው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ማቅረብ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመከራከር ይሻላል፤ የሒሳብ ባለሙያ ነዎትና ሰንጠረዡን አሳምረው ያውቁበታል።

ከመፈረምዎ በፊት ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ወደ ቢሮ ሙሉ በሙሉ ከተጠሩ አበሉ ከዚያው ወር ጀምሮ እንደሚመለስ። ይህ ካልተጻፈ አበሉ ተነሥቶ ይቀራል፣ ከቤት መሥራቱም ይቆማል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ በመብራት መዋዠቅ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ማን እንደሚተካው። ሦስተኛ፣ የትርፍ ሰዓት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የታዘዘ ሥራ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም "ይቺን ብቻ" ተብሎ የሚላክ ሥራ ማንም ትርፍ ሰዓት ብሎ አይመዘግበውም። ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣ፣ ሰዓቱንም በዚያው ቀን ይመዝግቡ። በእርስዎ ደመወዝ አንድ ሰዓት (18,000 ለ208 ሲካፈል) 86.50 ብር ግድም ነው፤ በአንድ ተኩል ሲባዛ 130 ብር ይጠጋል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ሳይመዘገብ ከቀረ በወር ከ1,600 ብር በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ደብዳቤው በቀረበበት መልክ ከሚያተርፉት 1,180 ብር ይበልጣል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት)፦ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ነው። አለቃዬ "ከወለድሽ በሁለተኛው ወር ከቤት ሆነሽ ግማሽ ቀን ሥሪ፤ ደመወዝሽ አይነካም" አሉኝ። ሞግዚት ሳልቀጥር ስለምሠራ ገንዘብ የምቆጥብ መሰለኝ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አይደለም። የቀረበልዎት ነገር ምንም አዲስ ገንዘብ የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለዎት። ደመወዝዎ አይነካም የተባለው ሥራ ሳይሠሩም የማይነካ ነው፤ ስለዚህ የግማሽ ቀኑን ሥራ የሚሠሩት በነፃ ነው። ፈቃድዎን ሙሉውን ይውሰዱ።

ሞግዚትን በተመለከተ፣ ፈቃዱ ካለቀ በኋላም ቢሆን ቤት መዋል ሞግዚትን አይተካም። የአራት ወር ሕፃን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይጠባል፣ እንቅልፉም የተቆራረጠ ነው። ስልክና ስብሰባ ያለበት ሥራ ከዚያ ጋር አይሄድም፤ ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፣ ወይ ደግሞ ስሕተት ይበዛበትና ሥራው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቤት በመዋል የሚቆጠበው ሌላ ነው። ረዳቷን ከሙሉ ቀን ይልቅ ለአምስት ሰዓት፣ ስብሰባዎ በሚበዛበት ክፍለ ቀን መቅጠር ይቻላል፤ ጡት ለማጥባትም መንገድ ላይ የሚጠፋ ጊዜ አይኖርም። እናትዎ ወይም እህትዎ ሊያግዙዎት ከሆነም የትኞቹን ሰዓታት እንደሚይዙ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ለውጭ ደንበኞች የግራፊክስ ሥራ ከቤት እሠራለሁ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ አራት ሰዓት ይቆያል። ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ኢንቨርተርና ባትሪ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። መጀመሪያ ሲጠፋ በትክክል ምን እንደሚቆም ይዩ። ላፕቶፕዎ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚቋረጠው ራውተሩ ነው። ለእሱ የሚበቃው የራውተር ሚኒ ዩፒኤስ ነው፤ መጽሐፍ የምታክል ባትሪ ያላት ሳጥን ናት፣ ከግድግዳውና ከራውተሩ መካከል ትሰካለች።

ስትገዙ ሁለት ነገር ይታያል። የራውተሩን አዳፕተር ጀርባ ያንብቡ፤ አብዛኛው 12 ቮልት፣ 1 ወይም 1.5 አምፒር ነው፤ 9 ወይም 5 ቮልት የሚሠሩም አሉ። ቮልቱ ካልገጠመ ራውተሩ አይሠራም ወይም ይቃጠላል። የፋይበር መስመር ካለዎት የኩባንያው ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለት መውጫ ያለው ያስፈልጋል። ቀጥሎ የባትሪው መጠን ነው። ሳጥኑ ላይ 10,400 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚታሰበው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 38.5 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። 12 ዋት የሚወስድ ራውተር ከኪሳራው ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ያቆይልዎታል። አራት ሰዓት ከፈለጉ ከ60 ዋት ሰዓት የማያንስ ይፈልጉ።

ላፕቶፑን በተመለከተ ባትሪው ያረጀ ከሆነ አዲስ ባትሪ መግዛት ከሁሉም የሚረክስ መፍትሔ ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ በቀላል ሥራ (20 ዋት) ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ቪዲዮ ሲያቀነባብሩ ግን አንድ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። በታይፕ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ከሆነ 65 ዋት የሚሰጥ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ አንድ ሙሉ ሙሌት ይጨምራል። ለሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መጥፋት ይህ ብቻውን ይበቃል።

ከዚህ የሚያልፍ ፍላጎት ካለዎት፣ ለምሳሌ ዴስክቶፕና ትልቅ ስክሪን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ) እና ባትሪ ይከተላል። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት እርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይላል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፣ ኢንቨርተሩም የተወሰነ ይበላል። እጅዎ የሚገባው 500 ዋት ሰዓት ግድም ነው፤ 120 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር አራት ሰዓት ይሠራበታል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በተመሳሳይ መጠን 1,000 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፣ የሚሞላበትና የሚያልቅበት ዙርም በሺዎች ይቆጠራል። መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት ሰፈር ሊቲየሙ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ያዋጣል። በሳምንት ሁለቴ ለሚጠፋበት ለእርስዎ ግን እርሳሱ በቂ ነው፤ የሚያረጀው በዙር ብዛት ሳይሆን በዓመት ነውና።

እርሳስ ባትሪን የሚገድሉት ልማዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የመኪና ባትሪ መግዛት ነው፤ እሱ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ለመስጠት አልተሠራም። ሌላው ሳይሞላ ማቆየት ነው። 10 አምፒር የሚሞላ ቻርጀር ግማሽ የወረደውን ለመመለስ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ሦስት ሰዓት ብቻ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ባትሪው ሳይጠግብ ይከርማል፣ ውስጡ ይደነድናል፣ በዓመት ውስጥ ይሞታል። ፍሪጅና ሌዘር ፕሪንተርም ከዚህ ኢንቨርተር ጋር አይያያዙ፤ ሲነሡ የሚስቡት ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

ጄኔሬተር የመጨረሻው ነው። አንድ ኪሎዋት የምትሰጥ ትንሿ እንኳ በቀላል ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ቤንዚን ትጠጣለች፤ ለ12 ሰዓት መጥፋት ስድስት ሊትር። ላፕቶፕ ለማስነሳት ይህን ያህል ማቃጠል ገንዘብ ማባከን ነው። የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አያስነሷት፤ ጭሷ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ገንዘብዎን የሚወስነው ስሌት እንዲህ ነው። በወር መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት በሰዓት ገቢዎ ያባዙ፤ ግን ወደ ማታ ወይም ወደ ማግስቱ ማዛወር የሚችሉትን ሥራ አይቁጠሩ፣ እሱ አልጠፋም። የዕቃውን ዋጋ ለቀረው ቁጥር ያካፍሉ፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይነግርዎታል። ከ12 ወር በላይ ካለ ይተዉት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አንድ የአስተርጓሚ ድርጅት ለአማርኛ በደቂቃ 60 ሳንቲም ከፍሎ ከቤቴ በ1099 (ተቀጣሪ ሳልሆን በግሌ) ሊያሠራኝ ነው። ይህ በሰዓት 36 ዶላር ነው። ሌላው አማራጭ በሰዓት 22 ዶላር የሚከፍል የክሊኒክ ሥራ በደብሊው 2 (በተቀጣሪነት)፤ 14 ማይል ይርቃል። ነፃ ፓርኪንግ አለው፣ መንገዱ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። የቤቴ ኪራይ 2,100 ዶላር፣ ስፋቱ 850 ስኩዌር ፊት፣ ባዶ ክፍሉ 110 ስኩዌር ፊት ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ 36 ዶላር የሚያገኙት ስልኩ ሳያቋርጥ ሲጠራ ብቻ ነው። ክፍያው ለተነጋገሩበት ደቂቃ እንጂ መስመር ላይ ገብተው ለጠበቁበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ድርጅቱን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ "የአማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ በገባበት በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ ስንት ደቂቃ ይናገራል? ከየትኛው እስከ የትኛው ሰዓት?" የሚል ነው።

ከ8 ሰዓት ውስጥ 5 ሰዓት ጥሪ አለ እንበል። 300 ደቂቃ በ60 ሳንቲም 180 ዶላር፣ በ21 ቀን 3,780 ዶላር። ለፈጣን ኢንተርኔት ድርሻና ለማዳመጫ 60 ዶላር ይውጣ። በ1099 የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲንና የሜዲኬርን (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል፤ 15.3 በመቶ ነው፣ የሚታሰበው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ወደ 14.13 በመቶ ይመጣል። ከክፍሉ ተቀናሽ በኋላ (ከታች እንመለስበታለን) በወር 487 ዶላር ግድም ይሆናል። የቀረው 3,233 ዶላር ነው።

ክሊኒኩ 22 በ168 ሰዓት፣ 3,696 ዶላር ይከፍላል። የሠራተኛው የመዋጮ ድርሻ 7.65 በመቶ ሲነሳ 3,413። መኪናውን እንዴት እንቁጠረው? አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ለ2025 ያወጣው በማይል 70 ሳንቲም የመኪናውን ዋጋ መቀነስና ኢንሹራንሱን ጭምር ይይዛል። መኪናውን ለሌላ ነገር ስለሚፈልጉት የማይሸጡት ከሆነ ኢንሹራንሱ በሁለቱም መንገድ ይከፈላል፤ የሚጨምረው ቤንዚን፣ ጎማና ዘይት ነው። በማይል 22 ሳንቲም ብንል 588 ማይል 130 ዶላር ያህል ነው። የሚቀረው 3,283 ዶላር።

እስካሁን 50 ዶላር ብቻ ይለያያሉ፤ መንገዱ የሚወስደው 21 ሰዓትም ለቤቱ ሥራ ያደላል። አሁን ግን የእረፍት ቀን ይግባ። ክሊኒኩ በዓመት 10 የእረፍትና 7 የበዓል ቀን የሚከፍል ከሆነ፣ እርስዎ በ1099 በእነዚያ 17 ቀናት 3,060 ዶላር ያጣሉ፤ በወር 255። ታክሱን አስተካክለን የቤቱ ሥራ ወደ 3,014 ዶላር ይወርዳል። በዚህ ላይ የጤና ኢንሹራንስ አለ። ክሊኒኩ ከክፍያው አብዛኛውን የሚሸፍን ከሆነ ውድድሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የግዛቱ የጤና ኢንሹራንስ መሸጫ) ገብተው በራስዎ ገቢ ምን ያህል እንደሚያስከፍልዎ ያዩና ከ3,014 ላይ ይቀንሱት። ጥሪው ደግሞ ከ5 ወደ 4 ሰዓት ከወረደ ከታክስ በፊት ሌላ 756 ዶላር ይሄዳል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለው ከሆነ ክሊኒኩን ይያዙ፤ ማስተርጎሙን ለማታና ለቅዳሜና እሑድ ያድርጉት። ኢንሹራንስ በባለቤትዎ ሥራ በኩል ካለዎት ደግሞ የቤቱ ሥራ በእርግጥ ሊወዳደር ይችላል።

በ1099 የሚሠሩ ከሆነ ያን ክፍል በትክክል ይጠቀሙበት። ቀላሉ ዘዴ በስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ነው፤ ለእርስዎ በዓመት 550 ዶላር ብቻ ይሆናል። በእውነተኛ ወጪ፣ በፎርም 8829 ሲሰላ ግን 110 ለ850 ሲካፈል 12.9 በመቶ ነው፤ ከኪራዩ በወር 272፣ በዓመት 3,260 ዶላር ይቀነስልዎታል፣ የመብራቱም ድርሻ ይጨመራል። ተከራይ ሆኖ ቀላሉን ዘዴ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጎዳል። ቅድመ ሁኔታው ጥብቅ ነው፤ ክፍሉ ዘወትር እና ለሥራ ብቻ መዋል አለበት። የእንግዳ አልጋ ወይም የልጆች ቴሌቪዥን እዚያ ከገባ ተቀናሹ ይፈርሳል። በደብሊው 2 ከቤት ለሚሠራ ተቀጣሪ ግን ይህ ተቀናሽ በፌደራል ታክስ የለም፤ ከ2018 ጀምሮ ታግዶ ነበር፣ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በቋሚነት አስቀርቶታል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ይሞሉታል፤ እባክዎን አይሙሉት።

ከሚገባልዎ ገንዘብ ላይ ከ25 እስከ 30 በመቶውን በሌላ አካውንት ያስቀምጡ፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ይከፈላል። ዓመቱ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው ቅጣት ይከፍላል። ራውተሩን በገመድ ያገናኙ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ጩኸት የሚያጣራ ማዳመጫ ይያዙ፤ በዋይፋይ የሚቆራረጥ ጥሪ ነጥብዎን ያወርዳል፣ ነጥብ ሲወርድ ጥሪው ወደ ሌላ አስተርጓሚ ይሄዳል። በሩ የሚዘጋ ክፍልም ግዴታ ነው፤ የሚያስተረጉሙት የታካሚ ምስጢር በሂፓ ሕግ የተጠበቀ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እርስ በርስ ስምምነት ስላላቸው የደመወዝ ግብር የሚከፈለው ለሚኖሩበት ነው፤ ክሊኒኩ ዲሲ ቢሆንም የሚከፍሉት ለሜሪላንድ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እሠራለሁ፣ ሦስት ቀን 12 ኪሎ ሜትር ርቄ ቢሮ እሄዳለሁ። በሆም ኦፊስ ፓውሻለ ብዙ ታክስ ይመለሳል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ፓውሻለው ከቤት ለሠሩበት ለእያንዳንዱ ቀን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ 6 ዩሮ ይቀንሳል፣ በዓመት እስከ 210 ቀን። ቢሮ ለሄዱበት ቀን ከ2026 ጀምሮ የአንድ ወገን ርቀት በኪሎ ሜትር 38 ሳንቲም ነው። በ44 የሥራ ሳምንት 88 ቀን በ6 ዩሮ 528፣ 132 ቀን በ4.56 ዩሮ 602፣ ድምሩ 1,130 ዩሮ። ማንኛውም ተቀጣሪ ደረሰኝ ሳያቀርብ ከገቢው የሚቀነስለት 1,230 ዩሮ ስለሆነ ይህ ብቻውን አንድ ሳንቲም አይመልስልዎትም። በዚያው ዓመት የ250 ዩሮ ጠረጴዛና ወንበር ለሥራ ከገዙ 1,230ውን በ150 ዩሮ ያልፋሉ፤ የሚመለሰው ግን እንደ ታክስ መጠንዎ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዩሮ ግድም ነው። ደረሰኙን ይያዙ፣ ቤት የሠሩባቸውንም ቀናት በካላንደር ይመዝግቡ፤ ለአንድ ቀን ሁለቱንም መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ከታክሱ ይልቅ ቲኬትዎን ይመልከቱ። ዶይችላንድቲኬት (የሕዝብ ትራንስፖርት የወር ቲኬት) ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። 63ን ለአንድ ጉዞ ቲኬት ዋጋ ያካፍሉ፤ በወር የሚያደርጉት ጉዞ፣ የቅዳሜና የቤተ ክርስቲያኑ ጭምር፣ ከዚያ ካነሰ ያቋርጡት። የቢሮ ቀንዎ ወደ አንድ ሲወርድ በእርግጠኝነት መታየት አለበት። ለሚቀጥለው ወር እንዳይከፍሉ ማቋረጫውን እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ይላኩ።